ጣት የሌለው ወረቀት

አይ፣ ሻይም ውሃም አልፈልግም ልጄ፤ አንቺ ተቀመጪ። ደረጃችሁን ስወጣ ቆጠርኩት፤ ሃያ ሁለት ነው። ባለፈው ሃያ አንድ መስሎኝ ነበር፤ ዕድሜ ነው እንግዲህ... መጋረጃው አዲስ ነው? ያምራል። ባልሽስ ደህና ነው? ደህና ነው፣ አየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ የተማሪ ወረቀት ያርማል። አይነሳ፣ አይነሳ! ሥራውን ይሥራ። እኔ ይህችን ካርቶን ላደርስ ነው ብቅ ያልኩት።

ስለ መቶ ሃያዎቹ መደርደሪያዎች ላወራሽ አልመጣሁም። ሆስፒታሉ ለካርድ ክፍሉ ካዘዘን መቶ ሃያ መደርደሪያ ላይ የአናጢዎቼ የዓመት ጉርስ ቢንጠለጠልም፣ ሰው ልጁ ቤት መጥቶ ስለ ሥራ ያወራል እንዴ?

ይልቅ አንድ የማውቃቸው መምህር አሉ። አንቺ አታውቂያቸውም። እንዴት ያሉ ሊቅ መሰሉሽ! ሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ የዕቃ መገጣጠሚያ መመሪያ በግልጽ መጻፍ ያስተምራሉ። አንዲት የምወዳት ልጅ፣ "አባዬ፣ የመደርደሪያውን መመሪያ የእሳቸው ተማሪዎች ይጻፉት፤ ልምምድ ይሆናቸዋል" ብላ ለመነችኝ። የምወዳትን ልጅ እንዴት እምቢ እላለሁ? ሰጠሁ።

ትምህርታቸውን በበሩ መስታወት ቆሜ አየሁት። ሠላሳ ስድስት ተማሪ፣ ዘጠኝ ቡድን፣ ዘጠኝ መደርደሪያ። ተማሪዎቹ የጻፉትን ወረቀት ይዘው ሲገጥሙ አንድ ስህተት የለም! ከየት ይመጣል? መምህሩ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው እየተመላለሱ፣ "እሱን አይደለም፣ ያኛውን! አዙሪው! አዎ፣ እንደሱ!" ይላሉ። ጣታቸው አይደክምም። ወረቀቱን ማን አየው? ሠላሳ ስድስት ተማሪ፣ አንድ ጣት። ሁሉም ሙሉ ማርክ አገኙ። መምህሩም ለራሳቸው ሳይሰጡ የቀሩ አይመስለኝም...

ወረቀቱንማ ተዪው። የመጀመሪያው ገጽ መደርደሪያ ለሰው ልጅ ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ስሠራው ይህን ሁሉ ጥቅም አላውቅም ነበር። ብሎን የሚባል ነገር ብቅ የሚለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ከዚያ "የኋላውን ሰሌዳ በተገቢው ቦታ በአግባቡ ይግጠሙ" ይላል። ምን ጎደለው? ተገቢው ቦታ የት እንደሆነ የተማረ ሰው አያጣውም...

እንዲገጥሙ የታዘዙት የሆስፒታሉ ጥበቃዎች ግን አልተማሩም መሰለኝ። በመጀመሪያው ዙር ሃያ ላክንላቸው፤ አሥራ ሰባቱን ጀርባቸውን በፊት በኩል ገጠሙት። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ደውላ፣ "አባባ፣ ካርዱን በየት በኩል ላስገባው?" አለችኝ። ምን ልበላት? ሦስቱ ደህና ወጥተዋል። ማን ገጠማቸው ብል፣ ወረቀቱ የጠፋበት ሰውዬ ነው አሉኝ።

መምህሩስ ዝም አሉ? ምን በወጣቸው! በስልክ ረዷቸው። ሳሎናቸው መሃል ቆመው፣ "እሱን አይደለም፣ ያኛውን!" እያሉ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ሲቀስሩ ነበር አሉ። ማን አይቶ ነገረህ እንዳትዪኝ። ...ምነው ሳቅሽ? የማታውቂያቸው ሰው አይደሉ?

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሆስፒታሉ ግዢ ኃላፊ ይመጣል። ሰው የሚገባው ወረቀት ካላሳየኸኝ መቶውን አልረከብም፣ ሃያውንም እመልሳለሁ ብሏል። እኔ ግን ምን ያሳስበኛል? መምህሩ አሉ አይደል?

በይ ካርቶኗን ክፈቻት። አሥር ሰሌዳ፣ ሠላሳ ሁለት ብሎን፣ አንድ መፍቻ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ አንቺም ቁጠሪው። እንቺ ወረቀቱን። እኔ የማውቀው ፈተና አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃውን አይቶት የማያውቅ ሰው ይገጥማል፣ ያስጻፈው ሰው እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጣል። ትንፍሽ አይልም። የመሃይም ፈተና ነው፤ ሊቆቹ ጋ የሚሰጥ አይመስለኝም።

ጎሽ... ጎኖቹ ቆሙ። አሁን የኋላው ሰሌዳ። ምነው ቆምሽ? "በተገቢው ቦታ" ተብሎ ተጽፎልሽ የለም እንዴ? ...ባልሽ ምን ሆኖ ነው የሚቁነጠነጠው? ጣቱን ምን ነካው? የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው በይልኝ። እጁን ጭኑ ሥር ያስገባው፤ ይሞቀዋል።

አጠበቅሽው? እስኪ ራቅ ብለሽ እዪው... አሥራ ስምንተኛው! እንኳን ደስ አለሽ፤ ከጥበቃዎቹ እኩል ሆንሽ። ዲግሪሽ ሁለት አልነበር?

ምን ተቀደደ? ወይ ጉድ፣ ባልሽ የመጀመሪያውን ገጽ ቀደደው! እስክሪብቶም አንስቶ ጀርባው ላይ ጻፈ። እስኪ ላንብበው... "ቀለም የተቀባው ጠርዝ ፊቱ ነው። እሱን ወደ መሬት አድርገው ያስተኙት። የኋላውን ሰሌዳ ከላይ ይግጠሙ።" አሥራ አራት ቃል! በይ ፍቺውና በዚህ ግጠሚው። እኔም እጄን ጭኔ ሥር አድርጌያለሁ...

ይኸው! ካርዱ ይገባል። ባልሽ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው! እኚያን መምህር ቢያስተምርልኝ ምን ነበረበት?

እንግዲህ ሒሳቡን ልዝጋው። ኪሳራ፦ አሥራ ሰባት ጀርባቸውን የሰጡ መደርደሪያዎች፣ የሠላሳ ስድስት ልጆች አንድ ሴሚስተር። ትርፍ፦ አሥራ አራት ቃል፣ ከተገኙ ደግሞ መቶ መደርደሪያዎች።

ልሂድ ልጄ። መምህሩን ድንገት ካገኘሻቸው ምርቃቴን አድርሺልኝ። ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ጉልበታቸውን ያጽናው። ያችን ጣታቸውን ቁርጥማት አይንካት። የጻፉት ወረቀት በደረሰበት አገር ሁሉ አጠገቡ ቆመው ሊያስረዱ አይደል? ይህ ሁሉ ጤና ያስፈልጋቸዋል። አሜን በይ እንጂ! ...ባልሽም አሜን ይበል፤ ለሌላ ሰው ነው።