የተነቀለችው የዘይት መብራት

ጋሽ ጨምር ወደ መለዋወጫ ሱቁ ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሯል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ጋራዣቸው የገባ መኪና፣ ዘይቱ ልኩ ላይ ቢሆን እንኳ፣ «ጨምር! ጨምርበት!» ሳይሉ ስለማያስወጡት ስሙ በዚያው ጸናባቸው። እሳቸውም አልጠሉትም።

«ብሮንዚና ስጠኝ» አሉት ባለሱቁን፤ «ለዚያችው መኪና።»

ከጎናቸው የአየር ማጣሪያ ሲመርጥ የነበረ ወጣት በድምፃቸው ዘወር አለ። የወንድማቸው ልጅ ነበር። የሞተር ምሕንድስና ተምሮ ሩቅ አገር ሲሠራ ከርሞ፣ ለዕረፍት መምጣቱን ገና ለማንም አልተናገረም። ተቃቅፈው ከተሳሳሙና ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት ከተጠያየቁ በኋላ ወጣቱ በባንኮኒው ላይ የተቀመጠውን ዕቃ አየ።

«ጋሼ፣ ብሮንዚናው ለማን ነው?»

«ለእህትህ ነዋ፣ ለልጄ! ለውድድር ያዘጋጀሁላት መኪና ናት። ይኸው ሦስተኛ ሞተሯን በላች። እግሯ ከባድ ነው፤ ነዳጅ ስትረግጥ አታዝንም። ለእሁዱ ውድድር ሌላ ሾፌር አስቀምጣለሁ። ቁርጥ ነው!»

ወጣቱ ደነገጠ። የአጎቱ ልጅ ከዚያ ወንበር ከተነሣች የሚያስቀምጣት ሌላ ቡድን እንደሌለ ያውቃል። ጋሽ ጨምርም ያውቁታል። ድምፃቸው ከልክ በላይ የጎላው ለዚህ ነበር።

ብሮንዚና ማለት የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚያርፍበት፣ ከሳንቲም የማይወፍር የብረት ልባስ ነው። በደኅናው ጊዜ ዘንጉና ልባሱ አይነካኩም፤ መሃላቸው ስስ ዘይት ይተኛል። ያ ዘይት ለአፍታ ከጠፋ ግን ብረት ብረትን ይበላል፤ ሞተሩም መንኳኳት ይጀምራል።

«መኪናዋን ላያት?» አለ ወጣቱ።

«ና እንጂ። መማርህን እንይልህ» አሉት በፌዝ።

ጋራዡ ውስጥ ልጅቱ እጅጌዋን ሰብስባ የተፈታውን ሞተር ታጥባለች። የአጎቷን ልጅ ስታይ ፊቷ ፈካ፤ አባቷን ስታይ መልሶ ተከደነ። ከተነጋገሩ ሰንበትበት ብለዋል።

«የተበሉት ብሮንዚናዎችስ የት አሉ?» ሲል ወጣቱ ጠየቀ።

«የሞተ ዕቃ ምን ይሠራልኛል? ጣልኩት። አሮጌ እንዳወጣሁ ወደ በርሜል ነው የምወረውረው፤ ፊቴ ሲቀመጥ ይደብረኛል።»

ልጅቱ ወደ በርሜሉ ሄዳ ቆፈረችና ብሮንዚናዎቹን አምጥታ ጨርቅ ላይ ዘረጋቻቸው። ወጣቱ አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ግራጫው ሽፋን ተገፎ ከሥሩ መዳብ ብቅ ብሏል፤ ዳርና ዳሩም ተቃጥሎ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ቆሻሻ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዙሪያውን የተጫረ መስመር ይኖረው ነበር። ይህ ግን ተጠርጎ ነው ያለቀው። ዘይት ጠምቶታል።»

ጋሽ ጨምር ከልባቸው ሳቁ። «ዘይት? እኔ ጋራዥ ውስጥ? ከልኩ አሳልፌ የሞላሁላት እኔ ነኝ!»

«እሱም አንዱ ጉዳት ነው። ዘይቱ ከምልክቱ ሲያልፍ ዘንጉ እየዞረ ይመታዋል። እንቁላል ሲመታ አይተዋል አይደል? ልክ እንደዚያ አረፋ ይሆናል። ዘይቱን የሚያሠራጨው ፓምፕ አረፋ ከሳበ ግማሹ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ዘንግ አይሸከምም።»

«ስማ አንተ ልጅ! እኔ ይህን ሙያ ስይዝ አባትህ ሱሪውን ሰው ነበር የሚያስታጥቀው። ለታክሲውም ለጭነቱም ስጨምር ኖሬያለሁ። አንዱስ ተመልሶ መጥቷል?»

«ልክ ነዎት፤ አልመጣም። ታክሲ ግን መታጠፊያ ሲደርስ ይቀንሳል። እሷ ያንን ረጅም ኩርባ በሙሉ ፍጥነት ነው የምትዞረው። መኪናው ሲዞር ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና የፓምፑ መምጠጫ ባዶውን ይቀራል። ሞተሩ በጣም የሚጮኸው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።»

ጋሽ ጨምር ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጅቱ ቀደመቻቸው።

«አባዬ፣ የመብራቷን ነገር ንገረው።»



«የምን መብራት?» አለ ወጣቱ።

ጋሽ ጨምር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያቺ ቀይዋ የዘይት መብራት፣ ግፊቱ ሲወርድ የምትበራው... ኩርባው ላይ ትበራለች ትለኝ ነበር። ቀጥታው ላይ ስትወጣ ደግሞ ትጠፋለች። የሽቦ ነገር ነው አልኩና አምፖሏን ነቀልኳት። ልጅቷን እያስደነገጠች አላስነዳት ስላለች ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ሽማግሌውን ለማማት እንዳይቸኩል። አምፖሏን የነቀሉት በክፋት አይደለም፤ ልጃቸው ሳትፈራ እንድትነዳ ነው። በፍቅር የተሠራ ስሕተት ግን ሞተሩን ከመበላት አላዳነውም። ወጣቱም ይህ ስለገባው አልሳቀም።

«ወሬ በቃኝ» አሉ በመጨረሻ። «ማሳየት ከቻልክ አሳየኝ።»

ወጣቱ ብሎን የሚታጠብበትን ዝርግ ሳሕን አንሥቶ ውሃ አደረገበትና አጎቱን በራሳቸው የቤት መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ ጭናቸው ላይ አኖረው። ልጅቱ መሪውን ያዘች። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሰፊ ግቢ መዞር ጀመረች። ውሃው ወደ ግራ ወጣ፤ የሳሕኑ መሃል ራቁቱን ቀረ።

«እዚያ መሃል ላይ ነው መምጠጫው ያለው» አለ ወጣቱ።

«አቁሚ!» አሉ ጋሽ ጨምር። መኪናዋ ስትቆም አጠገባቸው የነበረውን የውሃ ጀሪካን አንሥተው ራሳቸው ውሃ ጨመሩበት፤ ሳሕኑ እስከ አፉ ሞላ። «አሁን ዙሪ!»

ዞረች። የተጨመረው ውሃ እንዳለ ሳሕኑን ዘልሎ ሱሪያቸው ላይ ተደፋ። መሃሉ አሁንም ደረቅ ነበር። ሽማግሌው ደረቁን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። ይህች እጅ ስንት ሞተር አንሥታለች! ዛሬ ግን ያገኘችው ባዶ ሳሕን ነው፤ ለሦስት ሞተሮች ልጃቸውን ሲወቅሱ መክረማቸው ከውሃው ይልቅ አቀዘቀዛቸው።

«ምን ይሻላል?» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

ወጣቱ በትሕትና አስረዳቸው። ሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ቋት ውስጥ መምጠጫውን የሚከብ መከለያ ይበየዳል፤ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች ይኖሩታል፤ ዘይቱ ይገባል እንጂ አይሸሽም። ልኩም ከምልክቱ አያልፍም። ዘይት ሲግል ስለሚቀጥን ማቀዝቀዣ ይገጠምለታል፤ ከየውድድሩ በኋላም ይቀየራል። ሞተሩም ሳይሞቅ ነዳጅ አይረገጥበትም።

«በሮቹን እኔ ነኝ የምሠራቸው» አሉ ጋሽ ጨምር ቀና ብለው። «አንተ ብየዳ አትችልም፤ ከልጅነትህ አውቅሃለሁ።»

ከዚያ ወደ መሪው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ እግርሽ ምንም አልበደለም። አንቺ እውነቱን ስትነግሪኝ አፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የመብራቷንም የአንቺንም። ወንበሩ የአንቺ ነው።»

«መጀመሪያ ሱሪህን ቀይር፣ አባዬ» አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ዛሬ ያ ጋራዥ ሌላ ጋራዥ ነው። የተፈታ ብሮንዚና ታጥቦ በየተራው ይደረደራል፣ ይመረመራል እንጂ አይወረወርም። ሌሎች ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ እነዚያን የዘይት ቋት በሮች ለማሠራት ይመጣሉ። የሰፈሩ ቀልደኞችም ሽማግሌውን «ጋሽ ቀንስ» ማለት ጀምረዋል። ምክር ከማን ይምጣ ከማን፣ መርምሮ የተቀበለ ሰው ሞተሩንም ልጁንም ያተርፋል።

የዚያን እሁድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጋሽ ጨምር ውድድሩን ያዩት ከማብቂያው መስመር ሳይሆን ከረጅሙ ኩርባ አጥር ሥር ነው። መኪናዋ ባለፈች ቁጥር ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ የሞተሩ ድምፅ ግን እንደጠራ ነበር። ሲያበቃ ወደ መኪናዋ ሮጡ። ሰዉ ስንተኛ እንደወጣች ሲጠያየቅ እሳቸው በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«መብራቷስ?»

«አንዴም አልበራችም፣ አባዬ።»

ጋሽ ጨምር ጥቂት አሰቡና ፊታቸው ተለወጠ። «ተቃጥላ ቢሆንስ? እስቲ ሞተሩን አጥፊና ቁልፉን ብቻ ክፈቺው፤ ደኅና ከሆነች ያኔ ትበራለች።»

ልጅቱ ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉንም መልሳ ከፈተች። በገዛ እጃቸው መልሰው የተከሏት አምፖል ከመሪው ፊት ለፊት ቦግ ብላ በራች። ሽማግሌው እዚያው መስኮቱ ላይ እንደተደገፉ፣ በቀይዋ ብርሃን ውስጥ፣ ሳያፍሩ አለቀሱ።