ከአውሮፕላኑ የቀረው ሰው

እሺ፣ እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! ሎይድ፣ ያንን ሙዚቃ ቀንስልኝ። ፒሮጊው፣ ያ ድንች የተሞላው ሊጥ፣ አይሸሽም፤ ስቴላ ገና ሁለት ትሪ ወጥ ቤት ደብቃለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ቬርና እባላለሁ። ትንንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴሎች በሚሸጥበት በሎይድ ሱቅ ዛሬ ከምንሸኘው ከጋሼ ኦረስት ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋርቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙጫ ስታሸት የኖረች ሴት ንግግሯ ቢዘበራረቅ አይፈረድባትም።

መጀመሪያ የመጣበትን ቀን ልንገራችሁ። ጥር ነበር፤ የዊኒፔግን የጥር ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሰውዬ ገባ። ከረባት አስሯል፣ ካፖርት ደርቧል፣ ግንባሩ ላይ ደግሞ ትልቅ ማጉያ መነጽር ደፍቷል። እዩት፣ ከአሁኑ መሳቅ ጀመረ!

«የጥርስ ሐኪም ነዎት?» አልኩት።

«አይደለሁም!» አለኝ ተቆጥቶ። «የዚህ አውሮፕላን ክንፍ ስድስት ሚሊ ሜትር ያጥራል።»

ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። እኔ ክንፉን ትቼ ግንባሩን አያለሁ። ቆይቶ ነው የገባው። እጁን ወደ ላይ ሰደደና፣ «ይሄ ነገር ከቤት ስወጣ ጀምሮ እዚህ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ እኮ ነው የመጣው! «ለካስ ያቺ ሴትዮ አውቶቡስ ውስጥ ስለ መንጋጋዋ ያማከረችኝ ለዚህ ነው» አለ።

ሎይድ ከጓዳ ወጥቶ ክንፉን በማስመሪያ ለካው። ስድስት ሚሊ ሜትር! «ይህን ያህል ካወቅህ ለምን እዚሁ አትሠራም?» አለው። ሎይድ ሊቀልድ ነው። ጋሼ ኦረስት ግን የሚሠራበት የእህል ጎተራ ተዘግቶበት ሥራ ፈትቶ ከርሞ ስለነበር በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ምሳውን ቋጥሮ ከች አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላየንም። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ኩባያ አለ፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ የብሩሽ ማጠቢያ። «ኦረስት፣ ቀለሙን ጠጣኸው!» እለዋለሁ። «እኔ እኮ ስኳር ያነሰው መስሎኝ» ይለኛል። አንዲት ቁራጭ ከወረንጦው ካመለጠችው ደግሞ «ማንም እግሩን እንዳያነሳ!» ብሎ ይጮኻል። አንድ ጊዜ ለልጁ ስጦታ ሊገዛ የገባ ፖሊስ ከነመሣሪያው አሥር ደቂቃ በአንድ እግሩ አቁሞታል። ፖሊሱ ሲለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ጌታዬ፣ እግሬን ላውርድ?» ይላል። ቁራጯ የተገኘችው ከሎይድ ሹራብ ላይ ነው።

ሚስቱ ስቴላ ወጥ ቤቷን አረንጓዴ ቀባልኝ ብላው እንደነበርስ? ስድስት ወር ቀለም ሲደባልቅ ከረመ። «አሁን ምን ይመስላል?» ብዬ ስጠይቃት፣ «የጦር አውሮፕላን ሆድ ዕቃ ይመስላል። ሾርባ ልሠራ ስገባ ቀበቶ ማሰር ያምረኛል» አለችኝ።

በሉ፣ ሳቁ ይብቃን። እኔም ከዚህ በላይ ልስቅ አልችልም።

ጋሼ ኦረስት፣ ለምን እንደምትለቅ ሰው ሲጠይቅህ «ዓይኔ ነው» ትላለህ። ዓይንህ መድከሙ እውነት ነው። የምታየው ነገር መሃሉ ከጠፋብህ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ማየት ከጀመርክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እያወቅንም ዝም ብለናል። ግን በቃኝ ያልከው በዓይንህ ምክንያት አይደለም። በእማማ ኢዞቤል ምክንያት ነው። ለማንም አትንገሪ ብለኸኝ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዛሬ ቃሌን አፈርሳለሁ። አንዲት አሮጊት አስቀይሜ ወጣሁ እያልክ ከዚህ በር እንድትወጣ አልፈልግም። ተቀመጥ እንጂ! ስቴላ፣ ያዢልኝ።

እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጃቸው ወይ ወንድማቸው ከሰማይ የቀረባቸው ቤተሰቦች ፎቶና ደብዳቤ ይዘው ወደ ሱቃችን ይመጣሉ። ጋሼ ኦረስት ያንኑ አውሮፕላን ይሠራላቸዋል፤ በጎኑ ላይ የነበረውን ፊደል ሳይቀር፣ ጥይት በስቶት የተለጠፈለትን ሳይቀር። ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ግን ከውስጥ ያለውን ነው። የፕላስቲኩ ሁለት ግማሾች ከመጣበቃቸው በፊት የአውሮፕላኑን ሰዎች ሁሉ በትንንሽ ምስል እየሠራና እየቀባ በየቦታቸው ያስቀምጣቸዋል። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ቢበልጡ ነው። ፀጉሩ ቀይ የነበረውን ቀይ፣ ጢም የነበረውን ባለ ጢም አድርጎ ይሠራዋል። አውሮፕላኑ አንዴ ከተዘጋ ሦስቱን ወይ አራቱን ማንም ሰው መቼም አያያቸውም።

«ታዲያ ምን ልፋት ነው?» አልኩት ገና በመጀመሪያው ዓመት።

«እናቱ ብትከፍተውስ?» አለኝ።

ከመዝጋቱ በፊት ደግሞ ስማቸውን ይጠራል። እኔ ከጎኑ ሆኜ መልስ እሰጣለሁ። «አርተር?» ይላል፤ «አለ!» እላለሁ። «ቤርትራም?» «አለ!» መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የያዝነው። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ግን ቀልድነቱ ቀረ። እሱ ስም ይጠራል፣ እኔ ወንበሩን አይቼ «አለ» እላለሁ። ሙጫ የሚቀባው እኔን አምኖ ነው።

ያለፈው መስከረም እማማ ኢዞቤል ከፖርቴጅ ከተማ በልጃቸው መኪና መጡ። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ወንድማቸው አሌክ ላንካስተር በሚባል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ሰባት ሆነው ተነሥተው አንዳቸውም አልተመለሱም። ከአሌክ የቀራቸው አንድ ፎቶና፣ ሰሜን ጫካ ውስጥ ለመታሰቢያ በስሙ የተሰየመ፣ ሄደው አይተውት የማያውቁት ሐይቅ ነው። ፎቶውን ለጋሼ ኦረስት ሲሰጡት፣ «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፤ እኔ ነኝ በበረዶ ኳስ የፈነከትኩት» አሉት። እሱም ያን ጠባሳ ባለ አንድ ዘለላ ፀጉር በሆነ ብሩሽ፣ ባልደከመው የዓይኑ ጠርዝ እያየ ሁለት ሳምንት ለፍቶ አስቀመጠው።

አውሮፕላኑ የተዘጋበት ቀን ትዝ ይለኛል። ለገና የሚገዛው ሰው ሱቁን ሞልቶታል። እኔ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ የአንድ ሰው ዕቃ እጠቀልላለሁ። ጋሼ ኦረስት ከጠረጴዛው ስም ጠራ። እኔ ጀርባዬን እንደሰጠሁ «አለ!» አልኩ። ሰባት ጊዜ ጠራ፤ ሰባት ጊዜ «አለ!» አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞሬ አላየሁም።

ይህንን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ጋሼ ኦረስት ያውቃል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም።

አውሮፕላኑን ካስረከብን አሥር ቀን ሆኖን ነበር። ጠረጴዛውን ሲያጸዳ የተነጠፈውን ጋዜጣ አነሣ። ከሥሩ የሆነ ነገር ጣቱን ነካው። በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ነው ያወቀው። «ቬርና፣ ይሄ ማነው?» አለኝ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ወስጄ አየሁት። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ።

አውሮፕላኑ እኮ ተዘግቷል። አሌክ ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ወርወር አድርጎት ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። እኔ ራሴ «ማን ያያል?» አልኩት፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ጋሼ ኦረስት ካፖርቱን ለበሰና «ፖርቴጅ ውሰጂኝ» አለኝ።

አንድ ሰዓት በበረዶ ነድተን ፖርቴጅ፣ እማማ ኢዞቤል የሚጦሩበት ቤት ደረስን። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አውሮፕላኑ መስኮታቸው ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ኦረስት ባርኔጣውን አውልቆ፣

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ» አላቸው። «ወንድምዎ ከውስጥ የለም። ረስቼው ዘጋሁት። አውሮፕላኑን ይስጡኝና ከፍቼ ላስገባው፤ በሳምንት ውስጥ እመልሰዋለሁ።»

እማማ ወደ አውሮፕላኑ ዞሩ። «ሌሎቹስ?» አሉት።

«ስድስቱም አሉ።»

«አሌክ ብቻ ነው የሌለው?»

«አሌክ ብቻ።»

መዳፉን ዘረጋላቸው። አሌክን አንሥተው አዩት፣ ጨበጡት፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አትክፈተው» አሉ። «እንዳለ ይሁን። አሁን ሂዱልኝ።»

ተመለስን። ከተማው ዳር ስንደርስ፣ «ቬርና፣ በቃኝ» አለኝ። በማግስቱ እስከዚህ ሳምንት ድረስ ብቻ እሠራለሁ የሚል የመልቀቂያ ደብዳቤ ለሎይድ ሰጠው። እማማ ኢዞቤል መጋቢት ላይ አረፉ። ጋሼ ኦረስት ቀብሩ ላይ ሊሄድ ለብሶ ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። «በምን ዓይኔ?» አለ። እኔም ብቻዬን መሄድ አፈርኩ።

አሁን ደግሞ የማታውቀውን ልንገርህ።

ያለፈው ማክሰኞ አንተ ሐኪም ቤት ሳለህ የእማማ ልጅ ጆአን ወደ ሱቅ መጣች። ያቻት፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው። ያውልህ፣ እኔ ነኝ የጠራኋት። እናቷ ባረፉ ጊዜ ለምን እንዳልመጣህ ጠየቀችኝ። «ተቀይመውን ነበር» አልኳት። ጆአን ግራ ገባት። «ማን? እናቴ?» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችኝ።

አሌክ ባሕር ማዶ ከመሻገሩ በፊት የመጨረሻውን ፈቃድ እቤቱ ነው ያሳለፈው። የሚሄድበት ቀን ባቡሩ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር የሚነሣው። ደክሞት ነበርና፣ «ኢዚ፣ አደራ ቀስቅሽኝ፤ እናታችን ሆን ብላ ባቡሩን ታሳልፍብኛለች» አላት ለእህቱ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናትዮዋ እንደተባለውም ሳትቀሰቅሰው ቀረች። ኢዞቤል ግን አደራ ተብላለችና ብርድ ልብሱን ገፍፋ ቀሰቀሰችው። አሌክ እየሮጠ ባቡሩ ላይ ደረሰ።

እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ጠዋት አንድም ነገር አላነሡም። ኢዞቤልም ለባላቸው አልነገሩም፤ ለጆአንም አልነገሩም። ሰባ አምስት ዓመት። እኛ ከክፍላቸው በወጣን በሰዓቱ ጆአን ገባች። እናቷ እጃቸውን ጨብጠው ያለቅሳሉ። ምን ሆንሽ ስትላቸው ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የተናገሩት። «እኔ ቀስቅሼ ላክሁት» አሏት። «ዛሬ አንድ ሰውዬ መጥቶ፣ አውሮፕላኑ ሄዷል፣ አሌክ ግን አልተሳፈረም አለኝ። እስቲ ምን ብዬ አሁን ክፈትና አስገባው ልበለው?»

ለዚህ ነው ሂዱልኝ ያሉን፣ ጋሼ ኦረስት። ከወንድማቸው ጋር ብቻቸውን መሆን ፈልገው ነው። ቀን ቀን በመነጽራቸው ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡት ነበር፤ ሲተኙ በእጃቸው ይዘውት ይተኙ ነበር። ሲያርፉም በእጃቸው ነበር። ጆአን ጣታቸውን አላስለቀቀችም፤ አብሯቸው ተቀብሯል።

አታልቅስ አልልህም፤ እኔም እያለቀስኩ ነው። አንተ ለስንት ቤት ትክክለኛ አውሮፕላን ሠርተሃል፤ ሁሉም ሰዎቻቸውን እንደጫኑ ናቸው። ያንን መለወጥ አንችልም። ለእማማ ኢዞቤል ብቻ ያልተሳፈረ ወንድም ሰጠሃቸው። አንተ በስህተት፣ እኔ በግዴለሽነት። የኔን ጥፋት ተሸክመህልኝ ከረምክ፤ ከዛሬ ጀምሮ መልስልኝ፣ የኔ ነው። በአንድ ጠረጴዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላስቀመጥከኝ፣ ማንም የማያየውን ፊት አሳምሮ መቀባት ምን እንደሆነ ላሳየኸኝ፣ ለዚህ ሁሉ አመሰግንሃለሁ። ሰኞ ጠዋት ወንበርህ ባዶ ሆኖ ሳየው ምን እንደምሆን አላውቅም።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። ሎይድ፣ አንተም ተነሥ። ጋሼ ኦረስት፣ የቀረልህን ብርሃን እግዜር ያቆይልህ። ከዚህ በኋላ የምትኖርበት የሐይቅ ዳር ቤት አይቀዝቅዝብህ። ስቴላ መንገዱን ትምራህ፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ጋዜጣ አነብልሃለሁ፣ አልፈልግም ብትልም እመጣለሁ። ለጤናህ! ላልተመለሱት ለስድስቱ! እህቱ ጋ ለቀረው ለአሌክም!

ጠጡ። ጆአን፣ አንቺ ደግሞ ነይ፤ እጁን ዘርግቶልሻል፣ ግን የት እንደቆምሽ አያይም።