ማኅተም ያረፈበት ዲክላራሲዮን

ደሳለው ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚሄደው ሚኒባስ ጋቢና ገብቶ ገና ከመቀመጡ፣ ይርገዱ ከወዳጇ ከአማከለች ጋር ገብታ ልክ ከኋላው ተቀመጠች። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። አሥራ አንድ ዓመት የዕድሩ ዳኛ ሆኖ ማኅተሙን የያዘው እሱ ነው፤ እሁድ አዲስ ምርጫ አለ። ይርገዱ ደግሞ መተማ ኬላ ላይ ሽንኩርታቸው ከተበላሸባቸው ገበሬዎች አንዷ ናት። የተኛሁ ልምሰል አለ በሆዱ። ሚኒባሱም ተነሣ።

«እንዴት ከርመሻል አማከለች? ላሞቹ ደኅና ናቸው? ሩዙስ አማረ?... ተመስገን። አየሩም ደስ ይላል፣ ትንሽ ይበርዳል እንጂ። ከፊታችን ያሉት ሰውዬ እንኳ እንዴት እንደተጀቦኑ አየሽ? አይዟቸው፣ ብርዱ ነው። ሌላ ምን ያስጀቡናል ሰውን...»

ደሳለውን ጋቢው ውስጥ ላብ አጠመቀው።

«እኔማ ስለ አንድ ሰው ሳስብ ነው የመጣሁት። ስም አልጠራም፤ ሰው ማማት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ደግነታቸው ገርሞኝ ነው። በዚህ ዘመን ለሰው ወረቀት እንዲህ የሚሳሳ ይገኛል? ድሮ ዕቃ ድንበር ሲሻገር ያ ሁሉ ወረቀት፣ በየወረቀቱ ማኅተም ነበረ። አሁን ዲክላራሲዮኑ፣ የጉምሩኩ ወረቀት፣ በኮምፒውተር ሆነ ተባለ። የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ትራንዚተር ጎንደር ሆኖ ሞልቶ በስልክ ይልካል፤ እኒያ ሰው በዕድሩ ጽሕፈት ቤት አትመው ለጭነት መኪናው ሾፌር ይሰጣሉ፤ ኬላ ላይ ጥጉ ላይ ያለችውን አራት ማዕዘን በመሣሪያ ያነቧታል፤ መኪናው ያልፋል። በቃ። ሌላ ሰው ቢሆን አትሞ ዝም ብሎ ይሰጥ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሌላው ሰው ናቸው?...

«ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት አሉ። ማኅተም የለበትም። የኛ ሽንኩርት ራቁቱን አገር ይሻገር? ደግሞ ያቺ አራት ማዕዘን፣ ዝንብ የሰፈረባት የምትመስለው... ምን ልትሆን ነው? የማኅተም ቦታ ናት እንጂ። ይኸ ለኔና ላንቺ መች ይታየናል? ከመሳቢያቸው የዕድራችንን ማኅተም አወጡ፣ እፍ እፍ አሉበት፣ እላይዋ ላይ ግጥም አደረጉት። የቀብር ማኅተም እኮ ነው አማከለች። ሽንኩርቱን ነፍስ ይማር ብለው ሸኙት።»

የሚኒባሱ ሾፌር ሬዲዮኑን ዘጋ። ደሳለው በአንድ ዓይኑ ገላመጠው፤ ሾፌሩ ግን መንገዱን እያየ ፈገግታውን ከንፈሩ ውስጥ ያኝካል።

«መተማ ላይ መሣሪያው ቢያይ ቢያይ... ክብ ሐምራዊ ብቻ። ‹ይኸ የማን ማኅተም ነው?› ሲሉት ያ መኪና የሚነዳው ምስኪን ምን ይበል? ‹የዕድራችን ነው› አላቸው። እነሱም በአክብሮት ጥግ አስያዙት። ስምንት ቀን፣ በዚያ ሙቀት። ሌላ ቅጂ ላኩልኝ ሊል ይደውላል፣ ይደውላል... ስልካቸው ዝግ ነው። ለካ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደዋል፤ ወገባቸውን። እንዴት አያማቸው? ያን የሚያህል ማኅተም አሥራ አንድ ዓመት መሸከም ቀላል ነው? የኔም ወገብ ሽንኩርቱን ሲኮተኩት ከርሞ ተቆርጧል፤ ግን የኔ ወገብ የገበሬ ወገብ ነው፣ ወንዛዬን አያውቅም። ሽንኩርቱ ግን ሳይሰለች ጠበቃቸው። ከፊሉ በሰበሰ፣ ከፊሉ ቅጠል አወጣ። የኬላው ሰዎች ሰሞኑን ለወጥ ትኩስ ቅጠል አላጡም አሉ...»

ድምፅዋ ድንገት ቀዘቀዘ።

«ሲመለሱማ ዕድሩ ፊት ቆመው ‹ኔትወርክ ነው ያጠፋው› አሉን። ምስኪን ኔትወርክ። አፍ የለው፣ ዘመድ የለው፣ እሁድ አይመረጥ... ይችለዋል፤ ምን ይሆናል?»

«አጥፍቻለሁ» የምትል ቃል ደሳለው ጉሮሮ ድረስ መጣች። ዘወር ብሎ ሊላት ወገቡን እንኳ ማዞር ጀምሮ ነበር። ግን እሁድ ትዝ አለችው። ደግሞስ ያን ወረቀት ማን አይቶታል? የት እንደወደቀ እንኳ ማንም አያውቅም። ቃሏን መልሶ ዋጣት።

«ለምርጫው እኮ ስጦታ አዘጋጅቻለሁ። ይኸው፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ። ያ ምስኪን ሾፌር ከመተማ ይዞልኝ የመጣው ወረቀት ነው። እይው እስቲ... ክቧ ስታምር። ለራሳቸው ትዝ አይላቸው ይሆናል እንጂ፣ እሁድ ለሕዝቡ አሳይቼ ከዕድሩ መዝገብ ጋር እንዲቀመጥላቸው አደርጋለሁ። ሰው መልካም ሥራው ተደብቆ መቅረት አለበት?»

ሚኒባሱ ወረታ መገንጠያው ላይ ቆመ። ደሳለው ዘሎ ሲወርድ የጋቢው ጫፍ በሩ ላይ ተያዘና ፊቱ ተገለጠ። ይርገዱ በመስኮቱ ብቅ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሣችው። ከቶ አልደነገጠችም።

«ውይ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? እኛ ስለ አንድ ደግ ሰው ስንጨዋወት መንገዱ አለቀ... ይሂዱ፣ አናቁምዎ፤ ወገብዎን ያመዎታል። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ ቤትዎን ይባርክልዎ። በኋላም ስምዎ በሕይወት መዝገብ ሲጻፍ... ማንም ከላዩ ማኅተም አይምታበት፤ ጥርት ብሎ ይነበብልዎ።»