ላሚኔት የተደረገው ደረሰኝ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና በሚኒባስ ስንወጣ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አይሱዙ ያላቸው ሰውዬ ጎናቸው ያለችው ልጅ አካውንታንት መሆኗን ሲሰሙ ፌስታላቸውን ፈቱ።

«እስቲ እዪልኝ ልጄ፣ የጎማና የመለዋወጫ ደረሰኝ ነው። እዚህ ላይ የከፈልኩት ቫት፣ ሽንኩርት ጭኜ ከምከፍለው ቫት ይቀነስልሃል ብለውኝ ነበር።»

«ይቀነሳል ጋሼ። ግን ጠቁረዋል እኮ! ምንም አይነበብም።»

«ባለቤቴ ናት። በቆላው ሙቀት እንዳይደበዝዙብኝ ብላ፣ ፎቶ ቤት ወስዳ ላሚኔት አስደረገቻቸው።»

«ውይ! የላሚኔቱ ማሽን ይግላል፤ ይሄ ወረቀት ደግሞ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል።»

«እኔም ያወቅኩት ገቢዎች ቢሮ ሲመልሱብኝ ነው።»

«ሲነግሯት ምን አለች?»

«አልነገርኳትም። እንዲህ በንጽሕና የያዘ ሰው አላየንም ብለው አመሰገኑሽ አልኳት።»

«ታዲያ አሁን?»

«ሻጮቹ ጋ ቅጂ ልለምን ነው። እምቢ ካሉ ቫቱን ሙሉውን እከፍላለሁ።»

«ከእንግዲህ ደረሰኝ አይስጧት በቃ።»

«ኧረ እሰጣታለሁ! መጀመሪያ በስልኬ ፎቶ አነሳውና እሰጣታለሁ።»

ጠዋት ሚስቴን የተቆጣሁበትን፣ ካውያ ያቃጠለውን የሸሚዜን እጅጌ በመዳፌ ሸፈንኩት።