ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ባለሙያ ያገኙለት የወይዘሮ የትናየት ደምለው ዜና ሕይወት

ወይዘሮ የትናየት ደምለው ከአባታቸው ከአቶ ደምለው ካሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰበች ትርፌ በ1974 ዓ.ም. ኮኪት ተወለዱ። አባታቸው ከደጋ ወርደው ሰሊጥና ማሽላ ያመርቱ ነበር። የትናየትም የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ኮኪት፣ ሁለተኛ ደረጃውን ጎንደር ተከታትለው፣ በኮምፒውተር ሙያ በዲፕሎማ ከተመረቁ በኋላ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ባገለገሉበት በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። በ2001 ዓ.ም. ከትራክተር መካኒኩ ከአቶ አንዱአምላክ መኳንንት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማርያማዊትንና ባየልኝን ወልደዋል።

በዚያን ጊዜ በጽሕፈት ቤቱ ከየአገሩ መጥቶ የሰፈረው ባለጉዳይ ማመልከቻውን ይዞ የሚፈልገው የአገሩን ልጅ ነበር፤ የጎጃሙ የጎጃሙን፣ የወሎው የወሎውን፣ የአርማጭሆው የአርማጭሆውን። አንዱ ባለሙያ ፋይል ተቆልሎበት ሲያመሽ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ የአገር ልጅ ያላገኘ ሰው ማመልከቻ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ወይዘሮ ባየሽ የተባሉ የሽንፋ ገበሬ ማሳቸው ሳይለካ ሁለት ክረምት አልፎባቸው፣ ድንበራቸው ተገፋ። ይህን ያዩት የትናየት በ2011 ዓ.ም. የሚገባውን ጉዳይ ሁሉ የሚመዘግብና በእጁ ጥቂት ሥራ ላለው ባለሙያ የሚመድብ ዳታቤዝ አዘጋጁ።

በመጀመሪያው ክረምት ግን ተሳሳቱ። ዳታቤዙ የሚቆጥረው የፋይል ብዛት ብቻ ስለነበር፣ በግማሽ ሰዓት የሚያልቀው የመሬት ይዞታ ደብተር እድሳትና የዋልካው ጭቃ መንገድ ሲዘጋ ሦስት ቀን የሚፈጀው የሽንፋ ልኬት እኩል ሆኑ። በአንድ ወር አራት ጊዜ ሽንፋ የደረሰባቸው ቀያሹ አቶ ትዕዛዙ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ገቡና፣ «እትዬ የትናየት፣ ይች ኮምፒውተርሽ እኮ ቢሮ ተቀምጣ ነው የምትፈርድ! አንድ ቀን ትራክተር ላይ ጫኛትና ትምጣ!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኃላፊውም እስከ መስከረም ካልተስተካከለ ወደ ቀድሞው አሠራር እንደሚመለሱ አስታወቁ።

የትናየት በስብሰባ ላይ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ተናግረው፣ እያንዳንዱ ሥራ በበጋና በክረምት ስንት ቀን እንደሚወስድ ባለሙያዎቹን አንድ በአንድ ጠይቀው መዘገቡ፤ ድልድሉም ከፋይል ብዛት ወደ ሥራ ቀን ተለወጠ። መስከረም ሲጠባ ሥራ በበዛበትና ባነሰበት ባለሙያ መካከል የነበረው ልዩነት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። የወይዘሮ ባየሽም ማሳ ከቀጣዩ የዘር ወቅት በፊት ተለካ፤ ድንበራቸውም ተመለሰ።

ወንድማቸው አቶ ደሴ ፋይላቸው ወደሚያውቁት ባለሙያ እንዲዛወርላቸው ለምነው እምቢ ስለተባሉ ስምንት ወር አኩርፈዋቸው ነበር። ይህ በጽሑፉ እንዳይቀር ያሳሰቡት ራሳቸው አቶ ደሴ ናቸው።

ወይዘሮ የትናየት ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ጎንደር ሲታከሙ ቆይተው ጥር 2017 ዓ.ም. በ43 ዓመታቸው ዐረፉ። በታመሙባቸው ሰባት ወራት ሥራው እንደ ድሮው በእጅ ይታደል የሚል ሐሳብ ቢነሣ፣ ቀድመው የተቃወሙት አቶ ትዕዛዙ ነበሩ። የትናየት ያሠለጠኗቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይዘሪት ዘሀቢያ ምዝገባውን አላቋረጡም፤ እስከ ትናንት ማታ ባለሙያ ያልተመደበለት ማመልከቻ በጽሕፈት ቤቱ የለም።

ከኋላቸው እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ወንድማቸውና ዘጠኝ የሥራ ባልደረቦቻቸው ቀርተዋል። ሰው በአገር ልጅነት በማይለይበት ዙፋን ፊት የቀረቡትን እኅታችንን አምላክ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።