ሁለት ስልክ ይዞ ዛፍ ሥር

ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ሁለት ስልክ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወጣት ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ሁለቱም ያንተ ናቸው?»

«አይደሉም እማዬ፣ የጓደኞቼ ናቸው። አንድ ልገዛ ስለሆነ የቱ እንደሚሻል ልሞክር ብዬ ተዋስኳቸው።»

«ታዲያ የቱ ተሻለ?»

«ግራ ገብቶኝ ነበር። አይፎኑ አባቴን ፎቶ ሲያነሳው ሙሽራ ነው ያስመሰለው። ራሱም ወደደው።»

«በቃ እሱን ግዛዋ!»

«ቆይ እማዬ። አባቴ ንብ አርቢ ነው። ቀፎው ጫካ ውስጥ፣ ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ነው የተሰቀለው። ጉልበቱ ከደከመ ወዲህ ግን መውጣት አልቻለም። ትናንት ዛፉ ሥር ቆመን ሳምሰንጉን ወደ ላይ ደግኜ ቀፎውን በካሜራው አቀረብኩለት።»

«ቀፎው ታየ?»

«ቀፎው ብቻ? ያኔ ሲሰቅለው በእጁ ያሰረው ሐረግ ከነቋጠሮው! ንቦቹ አንድ በአንድ ሲገቡ ሲወጡ!»

«ወይ ጉድ! ከመሬት ሆናችሁ?»

«ከመሬት! አባቴ አየና ቶሎ ብሎ አፉን በእጁ ከደነ።»

«ምነው?»

«ንብ የሰው ትንፋሽ አትወድም፣ ትቆጣለች። አጠገባቸው የደረሰ መሰለው። እኔንም በሹክሹክታ ‹አትተንፍስባቸው› አለኝ።»

«እና የቱን ልትገዛ ነው?»

«አባቴ አፉን የከደነለትን ነዋ!»

እኔ እስከ ሚዛን ድረስ በመስኮቱ የሚያልፉትን ዛፎች ጫፍ ጫፋቸውን እያየሁ ሄድኩ።