የጉድጓዱ ትንፋሽ

የሥነ ምድር ተማሪው ለዕረፍት ወደ እናቱ ቤት ሲያቀና፣ በአዲሱ ክሊኒክ ግቢ ውስጥ አጎቱን አያቸው። አጎቱ ስመ ጥር ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። ላምባ ውስጥ የነከሩትን ጨርቅ በሽቦ አንጠልጥለው ኪሳቸው ውስጥ ክብሪት ይፈልጋሉ። ከጉድጓዱ ሥር ውኃው ይንተከተካል።

“ጋሼ፣ ይቆዩ! ምን ሊያደርጉ ነው?”

“መጣህ እንዴ፣ የእህቴ ልጅ? ዞር በል። ጉድጓዱ ተንፍሷል። ትንፋሹን በእሳት ፈትኜ ልወርድ ነው።”

“እሳቱን ከጣሉማ የሚወርድ ሰው አይተርፍም።”

“አሠልጣኜ ያወረሰኝ ነው፤ እሳቱ ከጠፋ አትውረድ፣ ካልጠፋ ውረድ።”

ተማሪው ልማዱን አልናቀም። “ለሚያፍን አየር ልክ ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ይኼኛው ግን ራሱ ይቀጣጠላል። ውኃውን የሚያንተከትከው የተፈጥሮ ጋዝ ነው።”

“ቢሆን ይሸተኝ ነበር! የሚስቴ የጋዝ ምድጃ ሲያፈስ ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል።”

“ያንን ሽታ ሰው ነው የጨመረበት፣ ማፍሰሱ እንዲታወቅ። ከመሬት ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይሸትም።”

“እና መሬት ሆድ ውስጥ ማን ከተተው?”

“ይኼ ሁሉ ድሮ ባሕር ነበር። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሞተው ወለሉ ላይ ዘቀጡ፤ ጭቃ በጭቃ ላይ ተጫናቸው። አየር ሳያገኙ፣ የምድር ሙቀትና ክብደት በሚሊዮን ዓመታት አብስሎ ወደ ጋዝ ቀየራቸው። ጋዙ በዓለቱ ቀዳዳዎች እየተሽሎከለከ ወደ ላይ ይወጣል፤ ድፍን ዓለት ክዳን ሲሆንበት እዚያው ይታጎራል። አብዛኛው ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ ኤቴንና ፕሮፔን የሚባሉ ጋዞችም በጥቂቱ አሉበት።”

“ክዳኑን እኔ ከፈትኩት በለኛ!”

“ስንጥቁን አግኝተውታል።”

“ወሬህ ያምራል። ግን በሽተኞቹ ውኃ ይጠብቃሉ፤ እኔም ቃል ሰጥቻለሁ።”

ግትር ሰው በጆሮው ባያምን በዓይኑ ያምናል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ኩሬም አረፋ ይደፍቅ ነበር። ተማሪው ጠርሙስ በውኃ ሞልቶ ኩሬው ውስጥ ከአረፋው በላይ በአፉ ደፍቶ ያዘው፤ አረፋው እየገባ ውኃውን አስወጣው። የጠርሙሱን አፍ በአውራ ጣቱ ደፍኖ አጎቱን ከመንገዱ ማዶ ወሰዳቸው።

“አሁን ክብሪቱን ይጫሩ፣ ጋሼ።”

ጣቱን ሲያነሣ ሰማያዊ ነበልባል ቡፍ ብሎ ተነሣ። ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

“ጠርሙስ ይህን ካደረገ...” አሉና ወደ ጉድጓዱ ዞረው ገመዱን ይዘው በቆሙት ረዳቶቻቸው ላይ ጮኹ፦ “እሳት የያዘ እዚህ ግቢ ድርሽ እንዳይል! ሁላችሁም ውጡ!”

ተጠርተው የመጡ ባለሙያዎች በመሣሪያ ለክተው ጋዙን አረጋገጡ። ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ክሊኒኩም በግቢው ሌላ ወገን ከተቆፈረ ጉድጓድ ንጹሕ ውኃ አገኘ። አጎቱ ከዚያ ወዲህ የጋዝ መለኪያው ሳይናገር፣ በማራገቢያም ሳይናፈስ የትኛውም ጉድጓድ ውስጥ አይወርዱም። የሥራ ጓዶቻቸውም እንዲሁ እንዲያደርጉ አንድ በአንድ ይሞግታሉ።

“የእህትህ ልጅ አስፈራራህ አሉ?” ብሎ አንዱ ቆፋሪ ቢሣለቅ፦

“አዎ፣ አስፈራራኝ” አሉ። “በሕይወት ቆሜ የምሰድብህም ለዚያ ነው።”